ሁለት ወርቅ ሲጠጋጉ፦ ስለ ወርቅና ፎስፊን ክሪስታሎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ትምህርቱ ወርቅ ላይ ሲደርስ ጥያቄ ይበዛል። ከክፍል ውጭም ያው ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ የወርቅ አቶም ስስል ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። "መምህር፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላል። ደስ ይለኛል። ከታች ያሉት ደጋግመው የመጡት ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ርቀቶቹ በአንግስትሮም ናቸው። አንድ አንግስትሮም ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው።

የወርቅ ፎስፊን ኮምፕሌክስ ሲባል ምን ማለት ነው?

መሐል ላይ አንድ የወርቅ አቶም አለ። በአንድ ጎኑ ፎስፊን የሚባል ሞለኪውል ይይዘዋል። በሌላው ጎኑ ክሎሪን ወይም ሌላ ነገር ይይዘዋል። ሦስቱ በአንድ ቀጥታ መስመር ይሰለፋሉ። መሠረቱ ይኸው ነው።

ወርቁ አንድ ኤሌክትሮን ለቋል። ስለዚህ ወርቅ አንድ እንለዋለን። ውጭ የቀሩት፣ ዲ የሚባሉት አሥር ኤሌክትሮኖች ቦታቸውን ሞልተው ተቀምጠዋል። ፎስፊኑ ደግሞ የፎስፈረስ አቶም አለው። ፎስፈረሱ ለብቻው የተቀመጠ ጥንድ ኤሌክትሮን ስላለው እሱን ለወርቁ ያካፍላል።

በጣም የታወቀው ናሙና ትራይፌኒልፎስፊን ወርቅ ክሎራይድ ነው። ከወርቁ እስከ ፎስፈረሱ 2.24፣ ከወርቁ እስከ ክሎሪኑ 2.28 አንግስትሮም ገደማ ነው። አንግሉ 180 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር እያነጻጸራችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

ፎስፊን የነቀዝ መድኃኒት አይደለም እንዴ?

ይሄን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ የጠየቀኝ ሰው ኬሚስትሪ ያልተማረ ነጋዴ ነበር። ትክክል ነው፣ ስሙ አንድ ነው። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሾና ማሽላ የሚያከማች ሰው የሚያውቀው የነቀዝ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን ጋዝ ይለቃል። ያ ጋዝ አንድ ፎስፈረስና ሦስት ሃይድሮጅን ነው። ነቀዙን ይገድላል፣ ሰውንም ይገድላል። ክኒኑ የገባበት እህል ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይተኛም። ልጆች አጠገቡ አይደርሱም።

እኛ የምንጠቀምበት ትራይፌኒልፎስፊን ግን ሦስቱ ሃይድሮጅኖች ወጥተው በቦታቸው ሦስት ትልልቅ የካርቦን ቀለበቶች የገቡበት ነው። ነጭ ጠጣር ነው፤ እንደ ጋዙ በአየር አይበተንም። ያም ሆኖ በጓንትና ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ እንጂ ገበታ ላይ አይሠራም። ሌሎች ፎስፊኖች፣ ለምሳሌ ሜቲል (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን) ያላቸው፣ የሚሸቱና አየር ሲነካቸው እሳት ሊያነሱ የሚችሉ ፈሳሾች ናቸው።

ወርቅ ካለው ለምን ነጭ ሆነ?

መጀመሪያ ወርቁ በአኳ ሪጂያ ይሟሟል። አኳ ሪጂያ የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ ነው። ወርቅ ሠሪዎች ያውቁታል። የሚገኘው ፈሳሽ ደማቅ ቢጫ ነው። በዚህ ጊዜ ወርቁ ሦስት ኤሌክትሮን ለቋል።

ከዚያ ቢጫው ጨው በኤታኖል ተሟሙቶ ፎስፊኑ ቀስ እየተባለ ይገባል። እዚህ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ቢጫው ይሳሳል፣ ይሳሳልና ይጠፋል። በቦታው ነጭ ዝቃጭ እንደ ዱቄት ይወርዳል። ይሄ የሚሆነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ወርቁ የትም አልሄደም፤ ነጩ ውስጥ ነው ያለው።

ለአንድ ወርቅ ሁለት ፎስፊን ያስፈልጋል። አንዱ ፎስፊን ኦክስጅን ይዞ ይወጣል። ወርቁን ከሦስት ወደ አንድ የሚመልሰው እሱ ነው። ሁለተኛው ወርቁ ላይ ይቀራል። ሒሳቡን የሚወድ ካለ፦ ከ1 ግራም ወርቅ 2.5 ግራም ያህል ነጭ ክሪስታል ይገኛል፣ ምንም ካልባከነ። ለዚህም 2.7 ግራም ገደማ ትራይፌኒልፎስፊን ይገባል። ከክሪስታሉ ክብደት 40 በመቶ የሚሆነው ወርቅ ነው።

ነጭነቱ ግልጽ ምክንያት አለው። በጣት ቀለበት ውስጥ ያለው ወርቅ ኤሌክትሮኖቹን ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ ይዟል፤ ቢጫው የሚመጣው ከዚያ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ወርቅ ለብቻው ታጥሯል። የሚታይ ብርሃን የሚውጥበት መንገድ የለውም።

ታዲያ የታጠሩት ወርቆች ለምን ይጠጋጋሉ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

በመጽሐፍ ሕግ ከሄድን መጠጋጋት የለባቸውም። ሁለቱም ወርቆች ፖዘቲቭ ናቸው። የዲ ቦታቸው ሞልቷል፤ የሚሰጥና የሚቀበል ባዶ ቦታ በቀላሉ አይታይም። ግን ክሪስታሎቹ ሲለኩ ወርቅና ወርቅ 3 አንግስትሮም አካባቢ ላይ ተጠጋግተው ይገኛሉ። አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። በመቶዎች በሚቆጠሩ ክሪስታሎች ሲደጋገም ግን አጋጣሚ ሊባል አይችልም። ሙኒክ ይሠሩ የነበሩት ጀርመናዊው ሁበርት ሽሚድባወር በ1980ዎቹ መጨረሻ ለነገሩ ስም ሰጡት፦ ኦሮፊሊሲቲ፣ የወርቅ ወርቅን መውደድ እንደ ማለት።

ጉልበቱ ብዙውን ጊዜ በሞል ከ30 እስከ 50 ኪሎጁል ይገመታል። ውሃን ከውሃ የሚይዘው የሃይድሮጅን ቦንድ 20 ገደማ ነው። ስለዚህ ደካማ አይደለም። ከእውነተኛ ቦንድ ጋር ሲተያይ ግን ትንሽ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሮኖች መተያየት ነው። የአንዱ ወርቅ የኤሌክትሮን ደመና ለቅጽበት ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል የሌላውም አብሮ ያጋድላል። ከዚህ መሳሳብ ይፈጠራል። በስሌት ይሄን መተያየት ካወጣችሁት መሳሳቡ ጠፍቶ መገፋፋት ብቻ ይቀራል። ይሄን በስሌት በማሳየት ስማቸው በዋናነት የሚነሳው የሄልሲንኪው ፔካ ፒዩኮ ናቸው።

ሁለተኛው የአይንስታይን ሬላቲቪቲ ነው። የወርቅ ኒውክለስ 79 ፕሮቶን አለው። ለእሱ በጣም የሚቀርቡት ኤሌክትሮኖች በብርሃን ፍጥነት 58 በመቶ ገደማ ይሮጣሉ። 79ን ለ137 አካፍሉ፤ ቁጥሩ ይመጣል። እንዲህ ሲሮጡ ይከብዳሉ፣ ምሕዋራቸው ይጠባል። ኤስ የሚባለው የውጭው የኤሌክትሮን ቦታ (ኦርቢታል) አብሮ ይሸማቀቃል። ዲዎቹ ደግሞ ከኒውክለሱ ስበት የበለጠ ስለሚከለሉ ይሰፋሉ። የሰፋ ደመና በቀላሉ ያጋድላል፤ መሳሳቡም ይጨምራል። የእናቶቻችን ቀለበት ቢጫ የሆነው በዚሁ በሬላቲቪቲ ምክንያት ነው። እሱ ባይኖር ወርቅ መልኩ ወደ ብር ያደላ ነበር።

አንዳንድ ሰው ሁሉንም ለሬላቲቪቲ ይሰጠዋል። እኔ አልስማማም። ብርና መዳብም በየአቅማቸው እንዲህ ይጠጋጋሉ። ሬላቲቪቲ ያጠነክረዋል እንጂ ብቻውን አልፈጠረውም። የድርሻቸው ክርክር ዛሬም በባለሙያዎች መካከል ይካሄዳል።

ስንት ሲሆን ነው "ተያይዘዋል" የሚባለው?

ሦስት ቁጥር ያዙ።

አንደኛው 2.88 ነው። በጠጣር ወርቅ ውስጥ ሁለት ጎረቤት አቶሞች በዚህ ርቀት ላይ ናቸው። ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። የወርቅ ክሪስታል ኩብ ጎኑ 4.08 አንግስትሮም ነው። አቶሞቹ የሚነካኩት በፊቱ ሰያፍ በኩል ስለሆነ 4.08ን ለ1.414 አካፍሉ። ሁለተኛው 3.32 ነው። ብዙዎች የሚጠቀሙበት የሁለት ወርቅ የቫን ደር ቫልስ ራዲየስ ድምር ነው፤ ሳይሳሳቡ ዝም ብለው ቢነካኩ የሚኖራቸው ርቀት እንደ ማለት። ሦስተኛው 3.5 ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ሰው ይተወዋል።

እንግዲህ 3.0 ካያችሁ ቁም ነገር አለ። 3.3 ካያችሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይሄን ደጋግሜ የምለው በምክንያት ነው። ቅርበት ብቻውን መሳሳብን አያረጋግጥም።

ከመንዝ እስከ አንኮበር ያለውን የድንጋይ ካብ አስቡት። ጭቃም ሲሚንቶም የለውም። ድንጋዮቹ ግን ተነካክተዋል። ሁለት ድንጋይ ስለተነካካ ተጣብቋል አንልም። የላይኛው ክብደት ነው የያዘው፣ ወይም የጎኑ ድንጋይ ነው የገፋው። ክሪስታልም እንዲህ ነው። ሁለት ወርቅ ቀርበው ስታዩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ የገፋቸው ነገር መኖሩ ነው። ፌኒል የሚባሉት እነዚያ የካርቦን ቀለበቶች ተደራርበው ይሆን? በክሎሪንና በሃይድሮጅን መካከል መያያዝ ይኖር ይሆን? ወይስ ሁለቱን ወርቆች አንድ ድልድይ አስገድዶ ያቀራረባቸው ነው?

ድልድዩን በምሳሌ ላሳያችሁ። ዲፒፒኤም የሚባል ፎስፊን አለ፤ ሁለት ፎስፈረስ በአንድ ካርቦን ተያይዘውበታል። በእያንዳንዱ ፎስፈረስ ላይ አንድ ወርቅ ክሎራይድ ሲቀመጥ ሁለቱ ወርቆች በ3.35 ላይ ይገኛሉ። ዲፒፒኢ ደግሞ መሐሉ ሁለት ካርቦን ነው። እዚያ የአንዱ ሞለኪውል ሁለት ወርቆች ተራርቀዋል። ግን እያንዳንዳቸው ከጎረቤት ሞለኪውል ወርቅ ጋር 3.19 ላይ ተገናኝተዋል። አንድ ቤት ውስጥ ካሉት ይልቅ ከሌላ ቤት የመጡት ቀርበዋል። ለእኔ ሁለተኛው የበለጠ ያሳምነኛል፤ ማንም አላስገደዳቸውም።

ፕሮግራሙ በሁለቱ ወርቆች መካከል መስመር አላሰመረም። ግንኙነት የለም ማለት ነው?

አይደለም። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች። የዲፒፒኢውን ፋይል ከፍታለች። "መምህር፣ ወርቆቹ እኮ በጣም ይራራቃሉ፣ እርስዎ ግን ይጠጋጋሉ ብለው ነበር" አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ ሞለኪውል ብቻ ነበር። ፋይል ሲከፈት የሚታየው ተደጋግሞ ክሪስታሉን የሚሞላው ትንሹ ክፍል ነው። ጎረቤቶቹ አይታዩም። "ጎረቤቶቹን አምጪያቸው" አልኳት። ዙሪያውን ሞላችው። ከዚያ የመለኪያውን መሣሪያ መርጣ ሁለት ወርቅ ላይ ተጫነች። 3.19። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ሌላ ጥንድ ለካች፣ ያው መጣ። ደብተሯን አውጥታ ቁጥሩን ጻፈች።

መስመሩን የሚያሰምረው ፕሮግራሙ ነው። የአቶሞቹን ራዲየስ ደምሮ ትንሽ ትርፍ ይጨምርና ከዚያ በታች ከሆነ ያሰምራል። ሕጉን የጻፈው ሰው ነው፤ ተፈጥሮ አይደለችም። ስለዚህ መስመር መኖሩም አለመኖሩም ማስረጃ አይሆንም። ቁጥሩን ለኩ፣ አንግሉን እዩ፣ ጎረቤቱን ቁጠሩ።

ለምን አንዳንዱ ይጠጋል፣ አንዳንዱ ይርቃል?

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ስስ ነጠላ የለበሱት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ። ትልቅ በርኖስ የለበሱት ግን ቢፈልጉም ያን ያህል አይጠጋጉም። መሐላቸው ልብስ አለ።

ፎስፊኑ ለወርቁ ልብስ ነው። ትራይሜቲልፎስፊን ስስ ልብስ ነው፤ ሦስት ትንንሽ ሜቲሎች ብቻ አሉት። የእሱ ወርቅ ክሎራይድ በክሪስታሉ ውስጥ ሰንሰለት ይሠራል። በጣም የሚቀርቡት ወርቆች 3.27 አካባቢ ላይ ናቸው። ትራይፌኒልፎስፊን ደግሞ በርኖስ ነው። በእሱ ክሎራይድ ውስጥ ወርቆቹ ፈጽሞ አይገናኙም። የሞለኪውሉ ቅርጽ ግን በሁለቱም ያው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ልዩነቱ ልብሱ ብቻ ነው።

ሲጠጋጉም ዝም ብለው ጎን ለጎን አይቆሙም። ብዙ ጊዜ አንዱ ሞለኪውል በሌላው ላይ እንደ መስቀል ተሻግሮ ይቀመጣል። እንደዚያ ሲሆን የአንዱ ፎስፊን ከሌላው ፎስፊን ጋር አይጋጭም። ሁለቱ ወርቆች መስቀሉ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

ከክሪስታል አውጥታችሁ ፈሳሽ ውስጥ ስታሟሟቸው አብዛኞቹ ይለያያሉ። ድልድይ ያላቸው ግን አብረው ይቆያሉ። ሁለት ወርቅ በሁለት ዲፒፒኤም ቀለበት ሆነው ሲታሠሩ ርቀታቸው ወደ 3 ዝቅ ይላል።

በአንድ ካርቦን ዙሪያ ስድስት ወርቅ ተገኘ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1988 የሽሚድባወር ቡድን አውጥቶታል። አንድ ካርቦን መሐል ሆኖ ስድስት ወርቆች ከላይ፣ ከታችና ከአራቱም ጎን ከበውታል። እያንዳንዱ ወርቅ የራሱን ትራይፌኒልፎስፊን ለብሷል። ስብስቡ በጠቅላላ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። በዘጠነኛ ክፍል "ካርቦን አራት ቦንድ ብቻ ይሠራል" ብለን ነው የተማርነው። እዚህ ስድስት ጎረቤት አለው። በዓመቱ ደግሞ አምስት ወርቅ ያለው መጣ።

ይሄ ነገር እንዴት ቆመ? ወርቆቹ እርስ በርሳቸው 3 አንግስትሮም ገደማ ላይ ናቸው። ካርቦኑን ከመያዛቸው ሌላ ጎረቤት ከጎረቤት ይሳሳባል። እያንዳንዱ ወርቅ አራት ጎረቤት ወርቅ አለው፤ ጎኖቹን ብትቆጥሩ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። የአንዱ ጎን ጉልበት ትንሽ ነው። የአሥራ ሁለቱ ሲደመር ትልቅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ስለ ወርቅ መጠጋጋት አንድ ምሳሌ ብቻ አስተምር ብባል ይሄን እመርጣለሁ።

ከዚህ የሚተልቁም አሉ። ኬሚስቱ ዴቪድ ሚንጎስ በ1976 አንድ ወርቅ መሐል ሆኖ አሥራ ሁለት የሚከቡት ክላስተር (የአቶም ዘለላ) ሊኖር እንደሚችል በስሌት ተናገሩ። በ1981 ተሠርቶ በኤክስሬይ ታየ።

ወርቅ ከብር ያንሳል የሚባለው እንዴት ነው?

በክብደት አይደለም፤ በአቶም ስፋት ነው። በ1996 አንድ ዓይነት ግዙፍ ፎስፊን፣ ትራይሜሲቲልፎስፊን፣ ለወርቅም ለብርም ሁለት ሁለት ተሰጣቸው። ሁሉም ነገር አንድ ሆኖ መሐሉ ብቻ ተለያየ። ብር ከፎስፈረሱ 2.44፣ ወርቅ ከፎስፈረሱ 2.35 ላይ ተገኙ። ወርቅ ብዙ ኤሌክትሮን ይዞ ጠባብ ሆነ። ከላይ ያልነው የሬላቲቪቲ መሸማቀቅ በማስመሪያ ተለካ ማለት ነው።

በአልትራቫዮሌት መብራት ያበራሉ የሚባለውስ?

ብዙዎቹ ያበራሉ። ሐሰተኛ የብር ኖት የሚለይበትን ሐምራዊ መብራት አስቡት። ነጩ ዱቄት በዚያ ዓይነት ብርሃን ሲመታ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ በብዙ ኮምፕሌክሶች ከወርቆቹ ርቀት ጋር ይያያዛል።

እኔ የምወደው ምሳሌ በ1995 የታተመ ነው። ከሠሪዎቹ አንደኛ የተጻፈው ስም ዘሪሁን አሰፋ ነው፤ ሥራው ከቴክሳሱ ጆን ፋክለር ጋር ነው። ተማሪዎቼ ስሙን ሲያዩ ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ቲፒኤ የሚባል፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ትንሽ ፎስፊን ነው የተጠቀሙት። የወርቅ ክሎራይዱ ወርቆች በ3.09 ላይ ናቸው፤ ጠጣሩ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ፎስፊኑ ላይ ካሉት ናይትሮጅኖች አንዱ አሲድ ሲያገኝ ወርቆቹ ወደ 3.32 ይራራቃሉ። ብርሃኑም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሩብ አንግስትሮም እንኳ የማይሞላ ለውጥ በዓይን ታየ።

ደብረ ብርሃን ላይ ክሪስታል ማብቀል ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን አየራችንን እወቁት። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ፈሳሽ ቶሎ ይተናል። ዳይክሎሮሜቴን ባሕር ጠለል ላይ በ40 ዲግሪ ይፈላል፤ እዚህ በ30 አካባቢ ይፈላል። መጽሐፉ "ክፍቱን ለሦስት ቀን ተወው" ካለ እዚህ ቀድሞ ሊደርቅ ይችላል። የደረቀ ነገር ደግሞ ዱቄት እንጂ ክሪስታል አይሆንም። ስለዚህ ክዳኑን አጥብቄ ዘግቼ በመርፌ አንድ ቀዳዳ ብቻ እበሳለሁ። ቅዝቃዜው ግን ወዳጃችን ነው።

የምመርጠው መደራረብን ነው። ኮምፕሌክሱን በጥቂት ዳይክሎሮሜቴን አሟሙ። ቀጭን ብልቃጥ ውስጥ ጨምሩ። ከላዩ ሄክሴን በብልቃጡ ግድግዳ በኩል ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ሁለቱ እንዳይደባለቁ። በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት፤ ብዙ የወርቅ ኮምፕሌክሶች ብርሃን ያበላሻቸዋል። ሰው በማያልፍበት፣ በር በማይዘጋበት ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ አትንኩት።

"አትንኩት" የምለው ስላየሁት ነው። ተማሪ በነበርኩበት ላቦራቶሪ ውስጥ አንዱ የሁለት ሳምንት ብልቃጥ "በቅሏል ወይ?" ብሎ አንስቶ ነቀነቀው። ሁለቱ ፈሳሾች ተደባለቁ። ድንበራቸው ላይ የጀመሩት ቀጫጭን መርፌዎች ወደ ነጭ ደመና ተለወጡ። ባለቤቱ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ወርቁ አልጠፋም፤ ሁለቱ ሳምንት ግን አልተመለሰም።

ልምምዱን በወርቅ አትጀምሩ። በሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት እጃችሁን አፍታቱ። የምትፈልጉት መጠን ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጥሩ ስኳር ፍሬ እንኳ ከዚያ ይተልቃል። ጠርዙ ስል፣ ውስጡ ጥርት ያለ ይሁን።

ኤክስሬይ አቶሞቹን ፎቶ ያነሳል?

አያነሳም። ጨረሩ ክሪስታሉን መትቶ በብዙ አቅጣጫ ይበተናል፤ ነጠብጣቦች ይመዘገባሉ። ከነጠብጣቦቹ ቦታና ድምቀት በስሌት የኤሌክትሮኖቹ ካርታ ይወጣል። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ማክስ ፎን ላወ በ1912 መበተኑን አሳዩ፤ አባትና ልጅ ብራጎች በ1913 ሒሳቡን ሰጡ።

ወርቅ እዚህ ላይ ይጠቅማልም ያስቸግራልም። ኤክስሬይን የሚበትነው ኤሌክትሮን ነው። ወርቅ እጅግ ብዙ አለው፣ ሃይድሮጅን አንድ አላት። ስለዚህ የወርቁ ቦታ በትክክል ይገኛል፤ የወርቅ ከወርቅ ርቀት በጣም አስተማማኝ የሆነው ለዚህ ነው። አጠገቡ ያሉት ሃይድሮጅኖች ግን ይዋጣሉ። በወርቁ ዙሪያ በአንድ አንግስትሮም ውስጥ ትናንሽ የውሸት ጉብታዎች ይታያሉ። አዲስ ሰው አቶም አገኘሁ ብሎ ስም ይሰጣቸዋል፤ አይደሉም። ወርቅ ጨረሩን ስለሚውጥም ያ በስሌት መታረም አለበት። ወረቀት ስታነቡ መታረሙን ፈልጉ።

የኤክስሬይ ማሽን ከሌለ የፎስፈረስ ኤንኤምአር፣ ማለትም ፎስፈረሱ በማግኔት ውስጥ ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጠውን ምላሽ የሚለካው ዘዴ፣ ብዙ ይነግራል። ትራይፌኒልፎስፊን ብቻውን በመለኪያው (ፒፒኤም) ከዜሮ በታች 5 አካባቢ ይታያል። ወርቅ ክሎራይዱን ሲይዝ ወደ 33 ይዘላል። ኦክስጅን የያዘው 29 አካባቢ ነው። የወርቆቹን ርቀት ግን አይነግራችሁም።

መድኃኒት የሆነ አለ?

አለ። ኦራኖፊን ይባላል። ወርቁ በአንድ ጎን ትራይኤቲልፎስፊን፣ በሌላው ከስኳር የተሠራ ሰልፈር ይዟል። ለሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ሕመም በአሜሪካ በ1985 ተፈቅዷል። መስመሩ ቀጥ ለማለት ትንሽ ይቀረዋል፣ 174 ዲግሪ ገደማ ነው። የወርቅ ከወርቅ መጠጋጋት የለውም። በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው፤ ቀለበት ማድረግ ተመሳሳይ ጥቅም አይሰጥም።

ማሽን የለንም። ምን መሥራት እንችላለን?

ብዙ። የታተሙ ክሪስታሎች ፋይላቸው ይቀመጣል። ካምብሪጅ ያለው ማኅደር ከ1965 ጀምሮ እየሰበሰበ በ2019 አንድ ሚሊዮን ደርሷል። አንድ አንድ ፋይል መጠየቅ ነፃ ነው። ክሪስታሎግራፊ ኦፕን ዳታቤዝ የሚባለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ማያው ሜርኩሪ የሚባል ፕሮግራም ነፃ ቅጂ አለው፤ በተራ ላፕቶፕ ይሠራል። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይወርዳል። መብራት ካለበት ሰዓት አውርዳችሁ አስቀምጡት።

የትኛውን ፋይል ልጀምር?

ሁለት አውርዱ። የትራይፌኒልፎስፊን ወርቅ ክሎራይድና የትራይሜቲልፎስፊን ወርቅ ክሎራይድ። መጀመሪያ ትራይፌኒሉን ክፈቱ። ከወርቅ እስከ ፎስፈረስ ለኩ፣ 2.24 አካባቢ መምጣት አለበት። ካልመጣ የተጫናችሁት አቶም ሌላ ነው። ከዚያ ጎረቤቶቹን አምጡና የሚቀርበውን ወርቅ ፈልጉ። ትልልቆቹ ቀለበቶች መሐል ገብተው ታያላችሁ። ቀጥሎ ትራይሜቲሉን ክፈቱ። ጎረቤቶቹን አምጡ። ምስሉን አዙሩ፣ ወርቆቹ አንድ ላይ እስኪሰለፉ ድረስ። ሰንሰለቱ ሲመጣ ከአንዱ ወርቅ ወደ ቀጣዩ ለኩና ቁጥሩን ከ3.32 አጠገብ ጻፉት።